«ይተንፍስ ብዬ ነው!» ላልከኝ

«ይተንፍስ ብዬ ነው!» አልከኝ፤ ሞተር ሳይክልህ ከፋብሪካ የመጣበትን የአየር ፊልትሮ ቤት ነቅለህ፣ ቀይ ሾጣጣ የጥጥ ፊልትሮ ካርቡራቶሩ አንገት ላይ ሰክተህ። ይተነፍሳል፣ ማን ካደህ? ምን እንደሚተነፍስ ነው ያልነገርከኝ።

እንቁጠረው። ሞተርህ ባለአራት ምት 150 ሲሲ ነው እንበል። ባለአራት ምት አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር 3,000 ጊዜ ይጎርሳል። ጋዙን ጥግ ድረስ ጠምዝዘህ ስትነዳ በደቂቃ እስከ 450 ሊትር፣ በሰዓት እስከ 27 ሜትር ኩብ አየር ይገባዋል። አንተ ቁጭ ብለህ በደቂቃ የምትተነፍሰው ከሰባት ሊትር ብዙም አይዘልም። ጠጠር መንገድ ላይ አይሱዙ ሲቀድምህ አፍንጫህን በሻርፕ የምትሸፍነው ግን አንተ ነህ። ሰባት ሊትር ለሚስበው ሻርፕ ተገኘ፤ 450 ሊትር ለሚስበው ንጹሕ ፊልትሮ እንዴት ይጠፋል?

«ብረት አይደል? አቧራ ምን ያደርገዋል?»

አቧራው ድንጋይ ነው። ውስጡ ኳርትዝ አለ፤ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ በሞህስ ሚዛን 7 ላይ የተቀመጠ፣ መስታወት የሚጭር፣ ተራ ብረትም የሚጭር። ደግሞም በዓይንህ የምታየውን አሸዋ አይደለም የምፈራልህ። የሰው ጸጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ሞተር የሚጨርሰው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ደቃቅ ነው። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን በጣም ቀጭን ስለሆነ፣ ያ ደቃቅ እዚያ ገብቶ ሁለቱንም ጎን ይፍቃል። ፋሻው ያልቃል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። ከዚያ መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ይልሃል። የወር ገቢህ አብሮ ይወርዳል።

«ፊልትሮዬ 99 ከመቶ ያጣራል ተብሎ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል!»

የተጻፈው በልኩ ዘይት ተቀብቶ፣ ጠርዙ ሳያፈስ ተገጥሞ፣ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ለተፈተነው ፊልትሮ ነው። አምራቾች ለዚህ ፈተና የሚጠቀሙበት አቧራ እንኳ ደረጃ የወጣለት ነው፤ አይኤስኦ 12103-1 ይባላል፣ በተለምዶም የአሪዞና አቧራ ይሉታል። ያንተ ፊልትሮ የሚፈተነው በባቢሌና በያቤሎ መንገድ አቧራ ነው፤ ያውም ከገዛኸው ጀምሮ ውሃ ሳይነካው። የካርቶኑን ቁጥር ከፈለግህ የካርቶኑን ጥንቃቄ አብረህ ውሰድ።

«የፋብሪካው ሳጥን አየር ያፍናል።»

ያ ጥቁር ፕላስቲክ መልክ የለውም፤ ሥራ ግን አለው። አየሩን ከወንበሩ ሥር፣ ከጎማው ርጭት ራቅ ካለ ቦታ ይወስዳል። ካርቡራቶሩ በጎን ንፋስ ሳይረበሽ የረጋ አየር እንዲያገኝ ያደርጋል። ዝናብ ያግዳል። የካርቡራቶሩ ቤንዚን መጠን የተለካው ሳጥኑ ባለበት ነው። ነቅለህ ከጣልከው እነዚህን ሥራዎች በሙሉ ተረክበሃል። ተረክቤአለሁ ካልክ ደስ ይለኛል፤ በሞዲፋይ ጠብ የለኝም። እጁን ዘይት ነክቶት የራሱን ሞተር በራሱ ልክ የሚሠራ ወጣት ሳይ ልቤ ይሞቃል። ጠቤ ነቅሎ ከሚረሳው ጋር ነው።

«ሳጥኑ ላይ የነበረችዋ ቀጭን ጎማ ቱቦ ሥራ የላትም፣ ቆርጠን ጣልናት።»

ይህችን ሳላደምቃት አላልፍም፤ ሞተር በዚህችም ያልቃልና። ፒስተኑ ሲወርድ ከታች፣ ከዘይቱ ቤት ያለውን አየር ይገፋል፤ ሲወጣ መልሶ ይስባል። ያ አየር የሚገባውና የሚወጣው በዚያች ቱቦ ነው። ፋብሪካው ጫፏን ፊልትሮ ቤት ውስጥ የሰካት ስትስብ የተጣራ አየር እንድትስብ፣ ስትተፋም የዘይቱ እንፋሎት መንገድ ላይ እንዳይፈስ ብሎ ነው። አንተ ቆርጠህ በካቴናው አጠገብ አንጠለጠልካት። ከላይ በቀይ ፊልትሮ እያጣራህ፣ ከታች አቧራ በቀጥታ ወደ ሞተር ዘይትህ ታስገባለህ። ለእሷም ጫፍ የሚሆን አውራ ጣት የምታህል ፊልትሮ አለች፤ ግዛላት። ስትገዛላት ደግሞ እጠባት፤ ቶሎ በዘይት የምትጨቀየው እሷ ናት።

«ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው ብለው ነው የሸጡልኝ!»

ዕድሜ ልክ የተባለው ጥጡ ነው፤ ንጽሕናው የሳምንት ነው።

የዚህ ዓይነቱን ፊልትሮ በዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙን ታውቀዋለህ፣ ኬ ኤንድ ኤን ነው። ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ ከተማ የመሠረቱት ነው፤ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት ይዞ ቀረ። ሥራቸው ከሞተር ሳይክል ጋር የተያያዘ ነበር፤ አካባቢያቸው ደግሞ የበረሃ ግልቢያ የሚወደድበት። ብልሃቱ ድርብርብ ስስ የጥጥ ጨርቅ በሽቦ መረብ መካከል አጥፎ፣ በሚያጣብቅ ዘይት ማራስ ነው። ከአቧራ ጋር የሚኖሩ፣ ማታ ፈትተው የሚያጥቡ ሰዎች ዕቃ ነው። የዳካር ራሊ ጋላቢዎችን ተመልከት፤ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነስቶ ሲጀመር ጀምሮ በረሃ ነው የሚያቋርጡት። ማታ ካምፕ ሲገቡ የፊልትሮው ነገር አይረሳም። እነሱ የዋንጫ ሞተር ላይ ተቀምጠው ያልናቁትን አንተ በሞተሩ ልጆችህን የምታሳድግበት ለምን ትንቀዋለህ?

«ታዲያ የፋብሪካው ወረቀት ይሻላል ልትለኝ ነው?»

ለማያጥብ ሰው፣ አዎ፣ በጣም ይሻላል። ወረቀት ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ሲይዝ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ ማጣራቱ እንዲያውም ይጨምራል፤ ሲሞላ ትጥለውና አዲስ ታስገባለህ። ከአንተ የሚጠብቀው በጊዜው መቀየርን ብቻ ነው። የጥጡና የስፖንጁ ፊልትሮ ግን በየጊዜው እጅህን ይፈልጋል። እጅህን ካልሰጠኸው ሳጥኑን ከጓሮ አንሳና መልሰህ ግጠም። ይህን ስል ማንንም ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ የማይጠይቅ ዕቃ ይገባዋል።

«ጋሼ፣ ይቺን ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ነፋ ያድርጉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ የምነፋው ጎማ ነው።»

እንዲህ ብሎ የሚመልስ ጎሚስታ የሰፈር ባለውለታ ነው። የኮምፕሬሰር አየር ጎማ የሚያቆም ግፊት ነው፤ ስስ የጥጥ ክር ላይ ሲለቀቅ ክሩን ከክሩ ይለያያል። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ ደግሞ አቧራውን ወደ ንጹሑ ጎን ያሻግረዋል። ወረቀቱም አይተርፍም፤ ቀዳዳው በዓይን ሳይታይ ይሰነጠቃል። «ግን ሲነፋ አቧራው ቡን ብሎ ሲወጣ አየሁት» ትላለህ። የወጣውን አየህ፤ የተቀደደውን አላየህም። ላቫጆም እንዲሁ ነው። በዚያ ጠመንጃ የሚወረወር ውሃ ጭቃን ከመድጋርድ ለማላቀቅ የተሠራ ነው። ሞተርህን እዚያ ስትወስድ ፊልትሮውን በፌስታል ጠቅልለህ እሰር። «ፌስታሉን አድርጌ ብነዳስ ከዝናብ አይከልልም?» አይባልም፤ ሊታጠብ ሲል አጥልቅ፣ ሊነሳ ሲል አውልቅ።

«እሺ፣ ቤንዚን ቆሻሻ ያነሳል፤ በእሱ ልጠበው።»

ያነሳል፤ ሙጫውንም አብሮ ያነሳል። የስፖንጅ ፊልትሮ ስፌቱ በሙጫ የተያያዘ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ይላቀቃል፣ በተላቀቀው በኩል አየር ሳይጣራ ይገባል። የጥጡም ፊልትሮ አንገት ጎማ ነው፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ልኩን ያጣል። ከሁሉ በላይ ግን በቤንዚን ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ማጠብ የሰው ቆዳ የሚያቃጥል አደጋ ነው፤ አጠገብህ የሚያጨስ አንድ ሰው ይበቃል። ፊልትሮ ይተካል፣ አንተ አትተካም።

እንዴት ይታጠብ? ለጥጡ የራሱ ማጽጃ አለ። ከውስጥም ከውጭም ይረጫል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይተዋል፣ ላዩ ላይ ሳይደርቅ ይታጠባል። ውሃው ከቧንቧ በዝግታ የሚወርድ ይሁን። አቅጣጫው ደግሞ ሁልጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ አቧራው በገባበት በር ይውጣ እንጂ ወደ ውስጥ አትግፋው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ትደጋግማለህ። ስፖንጅ ከሆነ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል። በመዳፍህ እየጨመቅህ አስለቅቀው። አትጠምዝዘው፤ የተጠመዘዘ ስፖንጅ ከስፌቱ ይተረተራል። «ልብስ ስናጥብ እንጠመዝዝ የለ?» ልብስህ የሲሊንደር ዘበኛ አይደለም።

«ቶሎ እንዲደርቅ ማርሚታው ላይ ላስደግፈው?»

አይሆንም። ማርሚታ፣ የከሰል ምድጃ፣ የጸጉር ማድረቂያ፣ ሁሉም ጥጡን ያኮማትራሉ፣ ጎማውን ያደርቃሉ። ውሃውን አራግፈህ ጥላ ላይ ስቀለው፤ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። እርጥብ ላይ ዘይት ቢቀባ ዘይቱ አይዘልቅም።

«እኔ እኮ ዴሊቨሪ ነኝ። ሞተሬ ግማሽ ቀን ከቆመ እንጀራዬ ይቆማል።»

ይህን ያልከኝ ወንድሜ፣ ለአንተ የምመልሰው በቁምነገር ነው፤ ያልከው እውነት ስለሆነ። ሁለት ፊልትሮ ይኑርህ። አንዱ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ታጥቦ፣ ዘይቱን ጠጥቶ፣ በንጹሕ ፌስታል ታስሮ ከወንበሩ ሥር። አንዱ ሲቆሽሽ መንገድ ዳር በካቻቢቴ ፈትተህ ትቀይራለህ፤ የቆሸሸውን ማታ ቤትህ ታጥበዋለህ። የሁለተኛው ፊልትሮ ዋጋ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የፒስተን፣ የፋሻና የሲሊንደር ማስቆፈሪያ ዋጋ ከዚያ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቆመው ግማሽ ቀን አይደለም፣ ዕቃ እስኪገኝ ነው።

«በዘይት ከቀባሁትማ አቧራው ይለጠፍበታል!»

እንዲለጠፍበት ነው የሚቀባው!

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ነጭ ብሎ ሲያየው «አሁን ጸዳ» ብሎ ይገጥመዋል። የጥጥ ፊልትሮ ያለ ዘይት ደቃቁን አቧራ የሚይዘው የገብስ ወንፊት ጤፍን በሚይዝበት ልክ ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ አየር በቀላሉ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። አቧራውን የሚያስቀረው ክሩ ላይ ያለው የሚያጣብቅ ዘይት ነው። ስለዚህ ታጥቦ ዘይት ያልተቀባ ፊልትሮ፣ ካልታጠበው የባሰ ነው። የቆሸሸው ቢያንስ አቧራ ይዞ አቧራ ያግዳል፤ ደረቁ ሁሉንም ያሳልፋል።

«የሞተር ዘይት ምን አለው? እሱም ዘይት ነው።»

ዘይት ነው፤ ይወርዳል። ፊልትሮው በቆመበት ዘይቱ ወደ ታች ይሰበሰባል፣ የላዩ እጥፋት ይደርቃል፣ የታቹ ይዘቅጣል፤ ከዘቀጠው ላይ ካርቡራቶሩ ይስባል። የፊልትሮ ዘይት ቀጥኖ ገብቶ ከክሩ ጋር ተጣብቆ እንዲቀር የተሠራ ነው። ቀለም የሚጨመርበትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን እንድታይበት ነው። ለስፖንጁ ትንሽ ላላ ልበልህ። የቀድሞዎቹ የሆንዳ ኤክስኤል ሞተሮች መመሪያ ስፖንጁን 80-90 የማርሽ ዘይት ውስጥ ነክረህ ጨምቅ ይል ነበር፤ ወፍራም ስለሆነ አይወርድም። የስፖንጅ ዘይት ካጣህ በዚህ ትሻገራለህ። ለጥጡ ግን አይሠራም፣ ይደፍነዋል።

«የተቃጠለ ዘይትስ?»

ከሞተር የወጣውን፣ የብረት ብናኝና ጥላሸት የተሸከመውን ጥቁር ዘይት ወደ ሞተር መግቢያ በር መልሰህ ልትቀባ? እጅህን ሰብስብ።

«እንግዲያው በደንብ አጠጣዋለሁ፤ ከበዛ አይጎዳም።»

ከበዛ ያፍናል። «ሳጥኑ ያፍናል» ብለህ ነቅለህ፣ በዘይት አፈንከው። በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስኪድ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተወው፤ ዘይቱ በራሱ እየሰረገ ይሰራጫል። ከዚያ ወደ ብርሃን ይዘህ አገላብጠህ እይ፤ የነጣ ቦታ ካለ እዚያች ላይ ብቻ ጨምር። ስፖንጁን ደግሞ በእኩል እስኪርስ በመዳፍህ እሽ፣ ትርፉን ጨምቀህ አውጣ፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጭ ሞተር ያለው ሰው «ዘይቱ ሴንሰር ያበላሻል ይባላል» ብሎ ይፈራል። ያ በይበልጥ የሚነሳው መግቢያው ላይ በጋለ ሽቦ አየር የሚለካ ሴንሰር ላላቸው መኪኖች ነው፤ አብዛኛው ሞተር ሳይክል በግፊት ስለሚለካ ሥጋቱ ያንሳል። ቢሆንም ልክ ልክ ነው።

«ሁሉንም አደረግሁ፣ አሁን ገጠምኩት፣ በቃ?»

አንገቱን እንዴት ገጠምከው? ዘይት የነካው ጎማ ከካርቡራቶሩ አፍ ላይ ይንሸራተታል። ጉብታ ስትዘል ትንሽ ያፈገፍጋል፣ በጎኑ ክፍተት ይፈጠራል፤ አየር ደግሞ ከጥጡ ይልቅ በክፍተቱ መግባት ይቀለዋል። ጎማውንም የካርቡራቶሩንም አፍ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ዳር ድረስ ስደድ፣ ማሰሪያውን አጥብቅ። ስለ ማጥበቅ ስናገር እስኪቆርጠው አላልኩም። የስፖንጁ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ጠርዙ ዙሪያውን ግራሶ ይቀባል፣ አቧራ በጠርዙ እንዳይሾልክ። የአንዱን ወግ ለሌላው አትስጥ።

«ድምፁስ? ስማው እንዴት ያምራል!»

ድምፁ የጎረቤት ነው፣ ሲሊንደሩ ያንተ ነው። ቀጥል።

«ፊልትሮውን ስቀይር ሞተሬ ፈጠነ፤ አዲስ አበባ ላይ ሞክሬዋለሁ።»

አምንሃለሁ፤ ለምን እንደፈጠነ ግን አብረን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶርህ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ላይ ለሳሳው አየር ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ካንዴላህ ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይከብደዋል። አየር የሚያሳልፍ ፊልትሮ ስትገጥም ሚዛኑ ትንሽ ይስተካከላል፣ «ፈጠነ» ትላለህ። አሁን ቅዳሜ ተነስተህ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ መተሐራና አዋሽ ውረድ። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። አየሩ ይወፍራል፣ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካው ጄትህ ግን ያው ነው። ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሰዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በዚያ ቃጠሎ ፀሐይ ላይ ጋዙን ጥግ ይዘህ ስትነዳ ፒስተንህ ይጋግራል። አዲስ አበባ ላይ ያስጨፈረህ ፊልትሮ አዋሽ ላይ ያስለቅስሃል። ፊልትሮ የቀየረ ሰው ጄቱንም ማየት አለበት፤ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያንብብ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል።

እዚህ ላይ ለመካኒኮቻችንም አንዲት ቃል አለችኝ፣ በአክብሮት። ፊልትሮ ሲቆሽሽ አየር ያንሳል፣ ሚዛኑ ወደ ቤንዚን ያደላል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ደንበኛው «አልነሳ አለኝ» ብሎ ሲመጣ ቀድሞ የሚዞረው የካርቡራቶሩ የአየር ቪቴ ነው። ዞሮ ይነሳለታል፣ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ፊልትሮው ሲታጠብ ደግሞ ሚዛኑ ሌላ ይሆናል፣ እንደገና ይዞራል። ቪቴ በማዞር ፊልትሮ አይታጠብም። ጋሼ፣ መጀመሪያ ፊልትሮውን ይፍቱ፤ ልጁን «ይህን አጥበህ ና» ይበሉት። ዛሬ ትንሽ ያገኙበታል፣ ነገ ግን ደንበኛው ሌላ አሥር ደንበኛ ይዞ ይመለሳል።

«ስቶኪንግ አልብሼዋለሁ፣ አይበቃም?»

ትልልቁን ይይዝልሃል፤ ገለባውን፣ ቅጠሉን፣ ጠጠሩን። ክፋት የለውም፣ የማጠቢያውን ጊዜም ያራዝማል። ደቃቁን ግን አያውቀውም። ከላይ ሲደመር ጥሩ ነው፣ በፊልትሮው ቦታ ሲተካ ግን ስቶኪንግ ነው።

«በክረምትስ? አቧራ የለም፣ አርፋለሁ።»

በክረምት ውሃ አለ። ሳጥን የሌለው ፊልትሮ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ተጋልጦ ከተቀመጠ ጎማው የሚወረውረውን ጭቃ ውሃ በቀጥታ ይቀበላል። የራሰ ጥጥ አየር ያንቃል፣ ዘይቱም ቀስ በቀስ ይታጠባል። በፊልትሮውና በጎማው መካከል ቁራጭ የጎማ መከለያ አስገባ፤ ሰኔ ሳይገባ። የአዲስ አበባ ክረምት ቀጠሮ አይጠይቅም።

«በስንት ኪሎ ሜትር ልጠበው?»

መንገድህን ንገረኝና ልንገርህ። ከቦሌ መገናኛ አስፋልት ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ብዙ ይቆይልሃል። በጥርና በየካቲት ጠጠር መንገድ የምትነዳ ከሆነ በየሳምንቱ ፈትተህ እይ። እይ ነው ያልኩህ፤ ማየትና ማጠብ ይለያያሉ። የጥጡን ፊልትሮ በትንሽ አቧራ አትጠበው፤ ትንሽ አቧራ አይጎዳውም፣ በየጊዜው መታጠቡና መድረቁ ግን ያደክመዋል። የሽቦ መረቡ መልክ ከአቧራው ሥር መታየት ሲያቆም ጊዜው ደርሷል። ስፖንጁ ግን ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ አያጉረመርምም።

«እኔ ሴት ስለሆንኩ ጋራዥ ስሄድ ያታልሉኛል፤ ‹ታጥቧል› ይሉኛል፣ እውነቱን በምን ልወቅ?»

እህቴ፣ ነጭ ጨርቅ ያዢ። ፊልትሮውን አስፈቺና ጨርቁን በጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን የካርቡራቶሩን አንገት ውስጡን ጥረጊው። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ፊልትሮው ሥራውን ሠርቷል። ቡናማ ብናኝ ይዞ ከወጣ አቧራ አልፏል፤ ወይ ዘይት አልተቀባም፣ ወይ ተቀዷል፣ ወይ አንገቱ ያፈሳል። ከዚያ ፊልትሮውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይዘሽ ከውስጥ ተመልከቺ። የመርፌ ጫፍ የምታህል የብርሃን ነጥብ ካየሽ አይታጠብም፣ ይጣላል። «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ቀዳዳ ናት» ቢሉሽ፣ «ለ10 ማይክሮን አቧራ ይህች አደባባይ ናት» በያቸው።

ያገለገለ፣ ሞዲፋይ የተደረገ ሞተር ልትገዛ የሄድክ ወንድሜም ይህንኑ ጨርቅ ይዘህ ሂድ። ቀለሙን፣ ስቲከሩን፣ የማርሚታውን ድምፅ ቆይተህ ታያለህ። በመጀመሪያ ካቻቢቴ ጠይቅና ፊልትሮውን ፍታ። ባለቤቱ እጅህን ይይዝሃል።

«ሞተሩን አይደል የምትገዛው? ፊልትሮውን ምን ያስፈታሃል?»

«ሞተሩን ስለምገዛ ነው።»